የእናቶቻችን አረቄ ክብሩም ጥራቱም ይጠበቅ

እኔ የአረቄ አውጪ ልጅ ነኝ። አያቴም እናቴም ደብረ ታቦር ውስጥ አረቄ እያወጡ ቤት አስተዳድረዋል፤ እኔም ደብተር የተገዛልኝ፣ ዩኒፎርም የለበስኩት በዚያው ገንዘብ ነው። ዛሬ በሥራ ቀናት ኬሚስትሪ አስተምራለሁ፤ ቅዳሜ ደግሞ ከእናቴ ጋር ምድጃው ዳር እውላለሁ። «ተምረሽ አረቄ ታወጫለሽ?» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። አዎ፣ አወጣለሁ። የተማርኩትም ይህን ሙያ እንድንቀው ሳይሆን በደንብ እንዳውቀው ረድቶኛል። ሐሳቤን በአጭሩ ልናገር፦ ይህ ሙያ በጓሮ ተደብቆ መኖሩ ይብቃው። ካልተመረመረ፣ ካልተሻሻለና በስሙ ካልታወቀ በርካሽ የፋብሪካ አልኮል ተበልቶ ይጠፋል።

ሙያ የምለው በከንቱ አይደለም። ጌሾና ብቅል ተወቅጦ በውኃ ይጠነሰሳል። ጥንስሱ ሲነሳ የዳጉሳ ቂጣ ተጋግሮ፣ ተፈርፍሮ ይገባበታል። ድፍድፉ መቼ እንደሚደርስ የሚወስነው አየሩ ነው፤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ከተማችን፣ በተለይ በክረምት፣ ቀኑ ይረዝማል። እናቴ ቀን አትቆጥርም። የጋኑን ክዳን ከፈት አድርጋ ጆሮዋን ታስጠጋለች፤ ፍላቱ ጋብ ማለቱን ስትሰማ በጣቷ ነክታ ትቀምሳለች። ከዚያ ድፍድፉ ወደ ማውጫው ይገባል፣ መጋጠሚያው በሊጥ ይደፈናል፣ እንፋሎቱ በሸምበቆ ተጉዞ በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ወደተቀመጠው ዕቃ ይወርዳል። እሳቱ ከበረታ ድፍድፉ ያርራል፣ አረቄውም ጭስ ጭስ ይላል፤ እሳቱ ከደከመ ደግሞ አይወርድም። አልኮል በ78 ዲግሪ፣ ውኃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ብዬ ክፍል ውስጥ አስተምራለሁ፤ በእኛ ከፍታ ሁለቱም ከዚህ ዝቅ ይላሉ። ፊደል ያልቆጠረችው እናቴ በዚህ ጠባብ ልዩነት መካከል እሳቱን የምትጠብቀው ያለ ቴርሞሜትር ነው። መጀመሪያ የሚወርደውን ለይታ ታስቀምጣለች እንጂ ለሰው አትሰጥም። መጨረሻ ላይ የሚመጣውን ቀጭኑን ደግሞ ለሚቀጥለው ድፍድፍ ታቆየዋለች። ተራው አረቄ እንዲህ ይወጣል፤ ዳግም አረቄ የሚፈለግ ከሆነ የወጣው እንደገና ይወጣል።

ይህ ሙያ ከምድሩ ጋር የተሳሰረ ነው። ዳጉሳው ከደራና ከእስቴ አካባቢ ይመጣል፤ የጉና ግርጌ ገብስ ለብቅል ይሆናል፤ ፎገራ ሩዝ ከለመደ ወዲህ ሩዙም ጥንስስ ውስጥ ገብቷል። ጌሾው ከጓሮ ይቆረጣል። አተላውን የምትበላው የፋርጣ በግ ለፋሲካ ገበያ ትደርሳለች። መሬት ለሌላት፣ ባሏ ለሞተባት ወይም ለተለያት ሴት ከአንድ ጋንና ከአንድ ምድጃ ውጭ ካፒታል የማይጠይቅ ሥራ ይህ ነበር። በአገራችን በአረቄ ገንዘብ የተማረ ሐኪም፣ መሐንዲስና ዳኛ ስንት ነው! የሚናገረው ግን ጥቂት ነው። አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩበት ጋፋት እዚሁ አጠገባችን ሆኖ ሳለ፣ የእጅ ሙያን በመናቅ ምን እንዳጣን ከደብረ ታቦር ሰው በላይ ማን ሊያውቅ?

አረቄ ጉዳት የለውም አልልም። በመለኪያ የጀመረ ሰው በጠርሙስ ሲጨርስ፣ ደመወዙ ቤቱ ሳይደርስ ሲያልቅ አይቻለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ለጤና ምንም ጉዳት የለውም የሚባል የአልኮል መጠን እንደሌለ አስታውቋል። የአገራችን የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011ም ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው አልኮል እንዳይሸጥ ይከለክላል። እናቴ አዋጁ ሳይወጣም ለልጅ አትሸጥም ነበር፤ የሰከረውንም «ልጄ፣ ዛሬ ይበቃሃል፣ ቤትህ ግባ» ብላ ትሸኘዋለች። ጠጪዋን በስም፣ ሚስቱንና ልጆቹን በመልክ የምታውቅ ሻጭ የምትፈራው ይሉኝታ አለ። ጠርሙስ በጅምላ የሚያከፋፍል ነጋዴ ይህ ይሉኝታ የለበትም።

ዋናው ስጋቴም እዚህ ላይ ነው። አልኮል በውኃ በርዞ፣ ሽታ ጨምሮ «የአገር ቤት አረቄ ነው» ብሎ መሸጥ ቀላል ነው፤ ዳጉሳ ከሚገዛ፣ ቀናት ከሚጠብቅ፣ እንጨት ከሚያነድ ሰው ይልቅ ይህ አትራፊ ነው። ብዙ ሰው አረቄ የሚፈትነው ክብሪት ጭሮ ነው፤ ከነደደ «ንጹሕ ነው» ይላል። እባካችሁ ይህን እምነት ተዉት። እሳት የሚነግራችሁ አልኮሉ ብርቱ መሆኑን ብቻ ነው። ዓይን የሚያጠፋው፣ ሰው የሚገድለው ሜታኖልም ይነድዳል። ሽታውም መልኩም ከሚጠጣው አልኮል እምብዛም አይለይም። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2024 ላኦስ ውስጥ ቫንግ ቪየንግ በተባለች ከተማ ስድስት የውጭ አገር ጎብኚዎች በሜታኖል በተበከለ መጠጥ ሳቢያ ሞተዋል። ከእህል በጥንቃቄ የሚወጣ አረቄ የሚይዘው ሜታኖል ጥቂት ነው፤ ትልቁ አደጋ የሚመጣው ከውጭ ከሚቀላቀለው ነው። ይህን ለይቶ የሚነግረን ግን ላቦራቶሪ እንጂ ክብሪት አይደለም።

የራሳችንን ጉድለትም ማረም አለብን። የባሕር ዛፍ ጭስ የእናቴን ዓይን አድክሟል፤ የማገዶው ዋጋም ትርፉን ይበላል። በአረቄ በታወቀችው በአርሲ ነገሌ ሥራው የሚፈልገው እንጨት ለአካባቢው ደን ሸክም ሆኗል። ማገዶ ቆጣቢ ምድጃና ጭስ ማውጫ ሊቀድም ይገባል። ቀድሞ ምን እንደያዘ የማይታወቅ በርሜልና በእንፋሎት የሚለሰልስ የፕላስቲክ ቱቦም ከማውጫችን መራቅ አለበት።

ሌሎች አገሮች የቤት አረቄያቸውን ከአሳዳጅ አድነው ለወግ አብቅተዋል። የአየርላንዱ ፖቲን እ.ኤ.አ. በ1661 ተከልክሎ ለዘመናት በየሸለቆው ተደብቆ ኖረ፤ በ1997 ተፈቀደ፤ በ2008 ደግሞ ስሙ የአየርላንድ ብቻ እንዲሆን በአውሮፓ ኅብረት ጥበቃ አገኘ። የሰርቢያ የፕለም አረቄ አሠራር በ2022 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ። እኛም ብንሆን ለይርጋጨፌ፣ ለሲዳሞና ለሐረር ቡና ስም በዓለም ገበያ ተሟግተን የረታን ሕዝቦች ነን። የደቡብ ጎንደር የዳጉሳ አረቄ ስም የማይጠበቅበት ምክንያት አይታየኝም።

ስለዚህ የምጠይቀው ግልጽ ነው። ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ላቦራቶሪውን ለአረቄ አውጪ እናቶች ይክፈት፤ ናሙናቸውን በነጻ ወይም በአነስተኛ ክፍያ ይመርምርላቸው። የከተማው አስተዳደርና የሴቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት አረቄ አውጪዎቹን በማኅበር ያደራጇቸው፤ በአቅማቸው ልክ ግብር ይክፈሉ፤ ምድጃና ንጹሕ ማውጫ የሚገዙበት ብድር ይመቻችላቸው። የተመረመረው አረቄ የአውጪዋ ስም፣ የወጣበት ቀንና የአልኮሉ መጠን በጠርሙሱ ላይ ይጻፍበት። ጠጪዎችም ከማን እንደምትገዙ ጠይቁ፤ ያላወቃችሁትን አትጠጡ፤ ለልጅ የሚሸጠውን አጋልጡ። እኔ ሙያውን ከእናቴ ተቀብያለሁ፤ ለልጄም በኩራት ማስተላለፍ እሻለሁ። ይህ የሚሆነው ግን እነዚህ እናቶች በሕይወት ሳሉ፣ እውቀታቸው አብሯቸው ሳይቀበር ከጀመርን ብቻ ነው።