ከሶፍትዌሩ በፊት ቆጠራው ይቅደም

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ዙሪያ የሚያርስ ገበሬ የዚህን አባባል እውነትነት በኑሮው አይቶታል። ለሕዝብ ጥቅም የሚለቀቅ መሬት ካሳን የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 1161/2011፣ መሬቱን በቋሚነት ለቆ ተመጣጣኝ ምትክ መሬት ላላገኘ የገጠር ባለይዞታ የሚከፈለው ካሳ፣ ቀደም ባሉት ሦስት ዓመታት ካገኘው ከፍተኛ ዓመታዊ ገቢ ተነስቶ በ15 ዓመት ተባዝቶ እንዲሰላ አድርጓል። ምን አምርቶ ምን እንዳገኘ በመዝገብ ያልያዘ ሰው በዚያን ጊዜ በሌላው ግምት ላይ ይወድቃል።

አርሶ አደሩ መዝገብ እንዲይዝ የምንመክር የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ግን የራሳችን መዝገብ ምን እንደሚመስል መጠየቅ ይገባናል። የግብርና ጽሕፈት ቤቶች የያዙት ንብረት ቀላል አይደለም። በሰበታ በኩል በአዋሽ ተፋሰስ ለመስኖ የሚያገለግሉ የውኃ መሳቢያ ሞተሮች፣ በወተት ላሞቿና በድርቆሿ በምትታወቀው ሱሉልታ ለሰው ሠራሽ ማዳቀል የሚያስፈልጉ የፈሳሽ ናይትሮጂን መያዣዎች፣ በየቦታው ደግሞ የኬሚካል መርጫዎች፣ የልማት ጣቢያ ሠራተኞች ሞተር ሳይክሎች፣ የመለዋወጫ ዕቃዎችና የክትባት ማቀዝቀዣዎች አሉ። ሁሉም በሕዝብ ገንዘብ የተገዙ፣ ለአርሶ አደሩ እንዲደርሱ የታሰቡ ናቸው።

ሦስቱ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. ከሌሎች አጎራባች ከተሞች ጋር በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃልለዋል። መዋቅር ሲቀየር ቢሮ ይቀየራል፣ ኃላፊ ይዛወራል፣ ንብረትም ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። ርክክቡ በደንብ ካልተመዘገበ ደግሞ ንብረቱ በወረቀት ላይ በአንድ ቦታ፣ በአካል በሌላ ቦታ ይገኛል። እንበል፣ በካርድ ላይ ሦስት የውኃ መሳቢያ ሞተር አለ። አንዱ ግምጃ ቤት ውስጥ ነው፤ ሁለተኛው ለአንድ የአርሶ አደሮች ቡድን በቃል ተሰጥቷል፤ ሦስተኛው መለዋወጫ አጥቶ በአንድ ጣቢያ ጓሮ ቆሟል። በበጋ አትክልቱ የደረቀበት ገበሬ ሲመጣ ካርዱ «አለ» ይላል፤ መጋዘኑ «የለም» ይላል። የንብረት ሒሳብ ጉድለት የኦዲተር ራስ ምታት ብቻ ሳይሆን የገበሬው ማሳ ጉዳይ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

ሕጉ ግልጽ ነው። ወደ ግምጃ ቤት የሚገባ ዕቃ በሞዴል 19 ገቢ ይደረጋል፤ በሞዴል 20 ይጠየቃል፤ በሞዴል 22 ወጪ ይሆናል፤ በቢን ካርድና በስቶክ ካርድ ላይ ይመዘገባል፤ የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ሲዘጋም ይቆጠራል። ሆኖም የፌዴራል ዋና ኦዲተር ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በሚያቀርባቸው ሪፖርቶች ሳይቀር የንብረት አመዘጋገብ ጉድለት ተደጋግሞ ይነሳል። ችግሩ ሁልጊዜ የሌብነት አይደለም። አንድ የግምጃ ቤት ሠራተኛ ያንኑ ቁጥር በደረሰኙ፣ በቢን ካርዱ፣ በስቶክ ካርዱና በወሩ ሪፖርት ላይ ደጋግሞ ይጽፋል። ሥራ ሲበዛበት አንዱን ይዘለዋል። የተዘለለው ቁጥር በዓመቱ መጨረሻ ጉድለት ሆኖ ይወጣል።

ለዚህ መፍትሔ እንዲሆን የንብረት ሒሳብን የሚያቀል ሶፍትዌር ማሠራት ተገቢ ነው ብለን እናምናለን። ነገር ግን እንዴት ያለ ሶፍትዌር የሚለው ጥያቄ ከግዢው በፊት መመለስ አለበት።

አንደኛ፣ ሥራ የሚቀንስ እንጂ የሚጨምር መሆን የለበትም። ሠራተኛው ገቢውን አንድ ጊዜ ብቻ ይመዝግብ፤ ደረሰኙን፣ ካርዱንና ሪፖርቱን ሥርዓቱ ራሱ ያውጣ። ኮምፒውተሩም ካርዱም ጎን ለጎን እየተሞሉ ለዓመታት ከቀጠሉ አንድ ሸክም ሁለት ሆነ ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ መብራትና ኔትወርክ በሌለበት ሰዓት መሥራት አለበት። ዕቃ የሚገባው ኔትወርክ ሲመጣ ብቻ አይደለም። በስልክ ወይም በኮምፒውተር ተመዝግቦ ቆይቶ፣ መስመር ሲገኝ ወደ ማዕከል የሚላክ መሆን ይኖርበታል።

ሦስተኛ፣ የሠራተኛውን ቋንቋ ይናገር። የሥራ ቋንቋው አፋን ኦሮሞ በሆነበት አካባቢ በባዕድ ቋንቋ የተሞላ ገጽ ማቅረብ ስህተት መጋበዝ ነው። የበጀት ዓመታችን ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነውና በራሳችን ዘመን አቆጣጠር ይሥራ፤ በኩንታል፣ በሊትርና በቁጥር ይለካ።

አራተኛ፣ የተጻፈ አይጥፋ። ስህተት ሲታረም የቀድሞው ቁጥር፣ ያረመው ሰውና ቀኑ አብረው ይታዩ። ዕቃውን የሚረከበው፣ ወጪውን የሚያጸድቀውና ሒሳቡን የሚይዘውም አንድ ሰው መሆን የለበትም። እያንዳንዱ ቋሚ ዕቃ መለያ ቁጥርና በስሙ የተረከበው ሰው ይኑረው። ያን ጊዜ ኃላፊ ሲዛወር በእጁ ያለው ንብረት ታውቆ ይሸኛል።

ከእነዚህ ሁሉ የሚቀድም ግን አንድ ነገር አለ፤ ቆጠራ። የተሳሳተ ካርድ ወደ ኮምፒውተር ቢገለበጥ የተሳሳተ ኮምፒውተር ከመሆን አያልፍም። ኮሚቴ ተቋቁሞ መጋዘኑንም፣ የጣቢያውን ጓሮም፣ በውሰት የተሰጠውንም በአካል ቆጥሮ፣ የሚሠራውን ከማይሠራው ለይቶ፣ መነሻ ሚዛኑን ካላስቀመጠ የሚገዛው ሶፍትዌር ባዶ ሣጥን ነው።

ይህ አዲስ ትምህርት አይደለም። በአገራችን የበጀትና የሒሳብ ሥርዓት ማሻሻያ ወደ ክልሎችና ወረዳዎች ሲወርድ ትልቁ ሥራ ኮምፒውተር ማከፋፈል አልነበረም። ቅጹን ማስተካከል፣ መመሪያውን መጻፍና የወረዳ ሒሳብ ሠራተኞችን ማሠልጠን ነበር። ዛሬ የገንዘብ ባለሙያዎች በቀላሉ የሚጠሩት አይቤክስ የተባለው የበጀትና የወጪ ሶፍትዌር የቆመው በዚያ መሠረት ላይ ነው። የገንዘቡ ሒሳብ ያለፈበትን መንገድ የንብረቱም ሒሳብ ሊከተለው ይችላል።

አርሶ አደሩም ከዚህ ሥራ ውጭ መሆን የለበትም። በወረዳው ስንት የውኃ መሳቢያ ሞተር እንዳለ፣ ስንቱ እንደሚሠራ፣ አሁን በማን እጅ እንዳለና ተራው የማን እንደሆነ ከሥርዓቱ ታትሞ በቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፍ። ማዳበሪያና ምርጥ ዘር የሚያከፋፍሉ መሠረታዊ ማኅበራትም ለገበሬው የሰጡትን መጠን ከደረሰኙ ጋር በአጭር መልእክት ቢያሳውቁት፣ ስንት ኩንታል በስሙ እንደወጣ ራሱ ያመሳክራል። ከዚህ የበለጠ ተቆጣጣሪ አይገኝም።

ስለሆነም የወረዳና የክፍለ ከተማ ኃላፊዎች ለሶፍትዌር በጀት ከመጠየቃቸው በፊት ሦስት ነገር አጠናቀው ይምጡ፦ የተሟላ ቆጠራ፣ የተረካቢዎች ዝርዝር፣ እንዲሁም የግምጃ ቤት ሠራተኛው ራሱ «ይህ ያስቸግረኛል» ብሎ የዘረዘራቸው ችግሮች። ሶፍትዌሩን የሚነድፉ ባለሙያዎችም መጀመሪያ ከሠራተኛው ጋር መጋዘን ውስጥ ይዋሉ። አርሶ አደሮችም በውሰት የወሰዳችሁትን የመንግሥት ዕቃ በቆጠራው ጊዜ አቅርባችሁ በስማችሁ አስመዝግቡ። የተመዘገበ ዕቃ ሲበላሽ ጥገና ይጠየቅለታል፤ ያልተመዘገበ ዕቃ ሲጠፋ ግን የሚፈልገው የለም።