የነፍሰ ጡር እናት ጤንነት የማኅበርም ሥራ ነው

ነፍሰ ጡር እናት የሚያስፈልጋት ክትትል በየትም አገር አንድ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በ2016 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ባወጣው መመሪያ አንዲት ነፍሰ ጡር ቢያንስ 8 ጊዜ ከጤና ባለሙያ ጋር እንድትገናኝ መክሯል። ይሁንና ምክሩ አንድ ቢሆንም ዕድሉ አንድ አይደለም። በ2020 በዓለም ላይ በእርግዝናና በወሊድ ምክንያት ከሞቱት 287,000 ያህል ሴቶች መካከል ከ100ው ወደ 95 የሚጠጉት ገቢያቸው ዝቅተኛና ከመካከለኛ በታች ከሆነ አገሮች የመጡ ነበሩ።

ታዲያ ልዩነቱ የሀብት ብቻ ነውን? አይደለም። ስሪላንካ በ1930ዎቹ መጀመሪያ በሕይወት ከሚወለዱ 100,000 ሕፃናት አንጻር ከ2,000 በላይ እናቶችን ታጣ ነበር። ዛሬ ቁጥሩ ከ40 በታች ወርዷል። ሀብታም ሳትሆን ለዚህ ከበቃችባቸው ምክንያቶች ዋነኛው አዋላጅን ወደ መንደር ማምጣቷ ነው። በ1926 በካሉታራ የተጀመረው ሥራ በመላ አገሪቱ ተስፋፋ። አዋላጇ በአካባቢዋ ያሉትን ነፍሰ ጡሮች ትመዘግባለች፤ በየቤታቸው እየሄደች ትጎበኛቸዋለች፤ የከበደውን ወደ ሆስፒታል ትልካለች። ሕክምናው በነጻ መሆኑና ሴቶች ልጆች መማራቸው ደግሞ ሥራውን አጠናክሮታል።

በአገራችንም ለውጥ መጥቷል። በ2000 በጤና ተቋም የወለዱት ከ100 እናቶች 5 ብቻ ሲሆኑ በ2019 48 ደርሰዋል። ነገር ግን በዚያው ዓመት በከተማ ከ100ው 70 በጤና ተቋም ሲወልዱ በገጠር 40 ብቻ ነበሩ። አራት ጊዜና ከዚያ በላይ ክትትል ያደረጉትም በአገር ደረጃ 43 ብቻ ነበሩ። እንግዲህ ልዩነቱ በአገርና በአገር መካከል ብቻ ሳይሆን በአንድ አገር ውስጥም አለ ማለት ነው።

አንዳንድ የማኅበር መሪዎች «ይህ የሐኪም ሥራ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» ይሉ ይሆናል። ሐኪሙ የደም ግፊትንና የደም ማነስን ይመረምራል፤ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ይሰጣል። ነፍሰ ጡሯን ከሸለቆው ማዶ የሚያሻግራት ግን ጎረቤቷ ነው። «ሴቶቹ እምቢ ይላሉ» እያሉ ማማረርም ሆነ በቅጣት ማስፈራራት ፍሬ አይሰጥም። እናቲቱ የምትቀረው መንገዱ ርቆባት፣ ልጆቿንና ከብቶቿን የሚጠብቅላት አጥታ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ማኅበራት ሦስት ነገሮችን ቢያደርጉ ይበጃል። አንደኛ፣ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር ሆነው በየመንደሩ ያሉት ነፍሰ ጡሮች እርግዝናቸው ሳይገፋ ክትትል እንዲጀምሩ ማድረግ፤ ሁለተኛ፣ ቃሬዛና ተሸካሚ ወጣቶችን በተራ መመደብ፤ ሦስተኛ፣ የእናቶች ማቆያን በእህልና በማገዶ መደገፍ። በጉራጌ በአጣጥ ሆስፒታል ለረጅም ዓመታት የተሠራበት ማቆያ፣ ከሩቅ የሚመጡ እናቶች ምጥ ሳይጀምራቸው ከሐኪም አጠገብ እንዲሰነብቱ የሚያደርግ ነው። ሆኖም ገንፎ የሚሆን ዱቄት የሌለበት ማቆያ ባዶ ቤት ሆኖ ይቀራል።

ደም መፍሰስ፣ ብርቱ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የፊትና የእጅ እብጠት የታየባት ነፍሰ ጡር ቀጠሮዋን ሳትጠብቅ መሄድ አለባት። ይህን ባሎችም ሊያውቁት ይገባል።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። በመጪው ስብሰባ ከማዳበሪያውና ከዘሩ ጉዳይ ጎን የእናቶችም ጉዳይ ይነሣ።