ግብዣ፣ ምጽዋትና የደጅ ውሻ

ሰው ብቻውን ይበላ ዘንድ አልተፈጠረም። ብዙ እጅ በአንድ ገበታ መቅረቡ፣ አንዱም ሌላውን ማጉረሱ ይህን ይመሰክራል። በኢትዮጵያ የኖረውም ልማድ ለወዳጅነት፣ ለግብዣና ለምጽዋት የየብቻ ቤት አልሠራላቸውም ነበር። በየወሩ በሚካኤል ወይም በማርያም ቀን በሚጠጣው የጽዋ ማኅበር ወዳጅ ከወዳጁ ይገናኛል፤ ባለተራው እንደ ዐቅሙ ጠላውንና ዳቦውን ያሰናዳል፤ ካህኑ ይባርካል፤ ከተባረከውም ለነዳያን ድርሻቸው ይወጣል። በሰንበቴም እንዲሁ ነው፤ ከቅዳሴ በኋላ ማኅበርተኛውና ችግረኛው በአንድ ዐጸድ ውስጥ ከአንድ ዳቦ ይቀምሳሉ። ወዳጅነቱ ምጽዋቱን ይወልዳል፤ ምጽዋቱም ወዳጅነቱን ይጠብቃል።

ዛሬ በከተማ የሚበዛው ግን ሌላ ነው። ግብዣው ወደ አዳራሽ ሄደ፤ ምጽዋቱም ለብቻው ቀን ተቈረጠለት። ለልደት፣ ለምረቃ፣ ለሠርግና ለመልስ የሚጠራው እኩያና ዘመድ፣ ነገ በተራው ብድሩን የሚመልስ ሰው ነው። ድኻው በዚያ ቀን ከዘበኛው ወዲያ ይቆማል፤ ጠሪው ቸር ቢሆን ከገበታው የተረፈው በፌስታል ተቋጥሮ ይደርሰዋል። ከዚያ በኋላ በዓመት አንድ ቀን ተመርጦ፣ አንድ ዓይነት ካናቴራ ተለብሶ፣ ዘይትና ዱቄት በመኪና ተጭኖ ወደ ድኾች መንደር ይኬዳል። ዘይቱም ከእጅ ወደ እጅ ከመተላለፉ በፊት ሰጪውና ተቀባዩ ፊታቸውን ወደ ካሜራው እንዲያዞሩ ይታዘዛሉ። ይህን ምጽዋት ብሎ መጥራት ቃሉን ማዋረድ ነው።

ይህ ተግሣጽ በጎ ፈቃደኛውን ሁሉ የሚመለከት አይደለም። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ በኢትዮጵያ መገኘቱ ከተነገረ በኋላ፣ የብዙ ሰው የዕለት ሥራ በተቋረጠባቸው ወራት፣ ማዕድ ማጋራት የሚለው ቃል ከአፍ አልፎ ሥራ ሆኖ ታይቷል። በክረምት ወጣቶች ጭቃ እየረገጡ የአቅመ ደካሞችን ቤት ያድሳሉ፤ የሚያፈሰውንም ጣራ ቈርቈሮ ያለብሳሉ። ወደ መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማእከል ሄደው ልደታቸውንና ሠርጋቸውን ከተረጂዎቹ ጋር በልተው የሚያከብሩ ሰዎችም አሉ። እነዚህ የተመሰገኑ ናቸው፤ ግብዣውንና ምጽዋቱን መልሰው ወደ አንድ ገበታ አምጥተዋልና። የሚወቀሰው ድኻውን የራሱ መልክ መመልከቻ መስተዋት ያደረገ ሰው ነው።

ጌታ በተራራው ስብከቱ ምጽዋት ሲሰጡ መለከት የሚያስነፉትን ገሥጿል፤ ቀኝ እጅ የሚያደርገውንም ግራ እጅ እንዳያውቀው አዟል። የዛሬው መለከት ከቀድሞው ይልቅ ሩቅ ይደርሳል። ያን ጊዜ የሚሰማው በአደባባዩ የተገኘው ብቻ ነበር፤ ድምፁም ወዲያው ነፋስ ይወስደዋል። የስልክ ሥዕል ግን ባሕር ተሻግሮ ይታያል፤ ሰጪው ተጸጽቶ ሊሰርዘው ቢወድ እንኳ በሌሎች እጅ ቀርቷል። አንዲት ባልቴት ጡረታዋ አልበቃ ብሏት፣ ረኃቧን ከጐረቤት ደብቃ፣ ነጠላዋን አጥባ ለብሳ ቤተ ክርስቲያን ስማ ትመለስ ነበር። አምስት ሊትር ዘይት በተቀበለች ማግሥት ግን ምስጢሯ ለመንደሩ ሁሉ ተገለጠ፤ የልጅ ልጇም በትምህርት ቤት በባልንጀሮቹ ፊት አፈረ። ዘይቱ በወር ያልቃል፤ ኀፍረቱ ግን ዕድሜ አለው። እንግዲህ ያ ባለ ካናቴራ ሰጠ ወይስ ገዛ ተብሎ ቢጠየቅ፣ የአንዲትን እናት ክብር በአምስት ሊትር ዘይት ገዛ ማለት እውነት ነው።

«ሥዕሉ ካልታየ ሌላው አይነሣሣም፤ ገንዘቡም የት እንደ ገባ አይታወቅም» የሚሉ አሉ። ነገሩ ላይ ላዩን ሲያዩት እውነት ይመስላል። ነገር ግን የገንዘብ ምስክሩ ሒሳብ ነው እንጂ የድኻ ፊት አይደለም። ገቢና ወጪው ተጽፎ ይነበብ፤ የታደሰው ጣራና የተጫነው ጆንያ ይታይ፤ የተቀባዩ ፊት ግን ይሰወር። ተረጂው ራሱ ወድዶ ልናገር ቢል መከልከል አይገባም። ዘይቱን በእጁ ይዞ «እንድናነሣዎ ይፈቅዳሉ ወይ?» የሚል ሰው ግን ፈቃድ ጠየቀ አይባልም፤ የተራበ ሰው ለዚህ ጥያቄ እንቢ የሚልበት ጕልበት የለውምና።

ያለ መለከት የተጀመረ ሥራ ተሰውሮ እንደማይቀር የወይዘሮ አበበች ጎበና ታሪክ ያስረዳል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ወደ ግሸን ማርያም ለመሳለም ተጕዘው ሳሉ በወሎ ረኃብ የጣለውን ሕዝብ አዩ፤ ከሞተች እናቷ አጠገብ የነበረችውንም ሕፃን አዩ። ሁለት ሕፃናት ይዘው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ፤ በአንድ ዓመት ውስጥም የሰበሰቧቸው ልጆች 21 ደረሱ። የገዛ ቤተ ሰባቸው ነገሩን እንደ እብደት ቈጠረው፤ እርሳቸው ግን የሞቀ ቤታቸውን ትተው ከልጆቹ ጋር መኖርን መረጡ። ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. ባረፉ ጊዜ ስማቸው በሀገር ውስጥም በውጭም የታወቀ ነበር። ዝናው ሥራውን ተከተለ እንጂ ሥራው ዝናውን አልተከተለም።

የግብዣን ሥርዓት ማወቅ የሚወድ ሰው ከሰማንያ አንዱ መጻሕፍት መጽሐፈ ጦቢትን ይመልከት። ጦቢት በምርኮ ሀገር በነነዌ ሳለ በበዓለ ኀምሳ መልካም ምሳ ተሰናዳለት። የቀረበውን መብል ብዛት ባየ ጊዜ እጁን አልዘረጋም፤ ልጁን ጦብያን ከወገኖቻቸው መካከል እግዚአብሔርን የሚያስብ ድኻ ፈልጎ እንዲያመጣ ላከው፤ እርሱም እስኪመለስ ይጠብቅ ጀመር። የተረፈውን ለድኻ እንዲያደርስ አልላከውም፤ ድኻው መጥቶ አብሮት እንዲቀመጥ ነው እንጂ። ልጁ ተመልሶ በገበያ የተጣለ የወገን ሬሳ እንዳለ በነገረው ጊዜም ምሳውን ሳይቀምስ ተነሥቶ ሬሳውን አነሣ፤ ፀሐይ ከገባም በኋላ ቀበረው። ጌታም በወንጌል ግብዣ የሚያደርግ ሰው ብድር የሚመልሱለትን ባለጠጎች ትቶ ድኾችንና ዕውሮችን እንዲጠራ ሲያስተምር ያንኑ ሥርዓት አጸና። ሊቃውንትም ስለ አብርሃም ሲተርኩ፣ ሰይጣን በመንገድ ቆሞ እንግዳውን ሁሉ እያሳሳተ ባስቀረበት ጊዜ፣ እንግዳ ካልመጣ አልበላም ብሎ 3 ቀን እንደ ጦመ ይናገራሉ።

የዛሬው ባለ ድግስ ግን ብዙ ጊዜ ተበድሮ ይደግሳል። ስለ ምን ቢሉ፣ ጐረቤቱ ካደረገው እንዳያንስ ነው። ሙሽሮቹ ኑሯቸውን በዕዳ ይጀምራሉ፤ ከተጠሩትም መካከል የሙሽራይቱን ስም በጥሪ ወረቀቱ ላይ ብቻ የሚያውቁ ይገኛሉ። ይህ ሁሉ ሕዝብ በጠገበበት ቀን፣ በየማለዳው በዚያው ቤት ደጅ የሚያልፈው ድኻ ስሙ ማን እንደ ሆነ የሚያውቅ የለም። እንዲህ ያለው ድግስ ለወዳጅነትም አልሆነ፤ ለጽድቅም አልሆነ፤ ለአበዳሪው ብቻ ሆነ።

በዚህ ነገር በውሻ ማመካኘትም ተለምዷል። ውሻውን ሥጋ የሚያበላ ሰው ባዩ ጊዜ «ለድኻው ያልተረፈው ለውሻው ተረፈ» እያሉ የሚዘብቱ አሉ። ውሻው ግን በዚህ በደል የለበትም። አልዓዛር በባለጠጋው ደጅ ወድቆ ሳለ ወደ ቍስሉ የቀረቡት ውሾች ናቸው፤ ባለጠጋው ወይም ከወዳጆቹ አንዱ ቀረበ የሚል አልተጻፈም። ጦብያም ከመልአኩ ከሩፋኤል ጋር ወደ ሩቅ ሀገር በሄደ ጊዜ ውሻው አብሮ ተከትሎታል። አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ከ60 አንበሶችና ከ60 ነብሮች ጋር እንደ ኖሩ ገድላቸው ይናገራል። ስለዚህ እንስሳን መውደድ ድኻን መጥላት አይደለም። እንዲያውም ውሻውን ዕድሜውን ሁሉ በአጭር ሰንሰለት አስሮ የሚያኖር፣ የእብድ ውሻ በሽታ እንዳይዘው የማያስከትብ፣ ባረጀም ጊዜ ከከተማ ውጭ ወስዶ የሚጥል ሰው፣ ያገለገለችውን ሠራተኛ ጕልበቷ ባለቀ ጊዜ ምን እንደሚያደርጋት መገመት አያስቸግርም። ርኅራኄ የሌለው እጅ ለሁሉም ያው እጅ ነው።

ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል። ማን ወዳጅ፣ ማንስ ባዕድ እንደ ሆነ የሚማረው ከሚያበሉት ሰዎች ነው። ማኅበርተኛው፣ ባልንጀራውና የንስሐ አባቱ ሲገቡ ጅራቱን ይቈላል፤ ተደጋግመው ሲገቡና በክብር ሲቀመጡ አይቷቸዋልና። የቆሎ ተማሪ አኰፋዳውን አንግቦ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ግን ሰንሰለቱን ሊበጥስ ይደርሳል። ተማሪው በትር ይዞ የሚዞረው ስለ ምን እንደ ሆነ በዚያ ሕይወት ያለፉ ካህናት ያውቁታል። እንግዲህ የአንድን ቤት ቸርነት መመዘን የሚወድ ሰው በስልክ የወጣውን ሥዕል ትቶ የቤቱን ውሻ ይመልከት። በዓመት አንድ ቀን ታይቶ የሚጠፋ ድኻ ለውሻው ባዕድ ነው፤ ይጮኽበታል። በየወሩ ገብቶ ከገበታው የሚቀመጠውን ግን በኮቴው ይለየዋል።

በጎ ፈቃድም የሚፈተነው በዚሁ ነው። አረጋዊ ሰው የሚርበው እንጀራ ብቻ አይደለም። ስሙን ጠርቶ «እንዴት አደሩ?» የሚለው፣ የወጣትነቱን ታሪክ አንድ ቀን ሰምቶ በሌላው ሳምንት «ከዚያስ ወዲያ?» ብሎ የሚጠይቀው ሰው ይርበዋል። በበዓል ቀን መቶ ሰው መጥቶ፣ እግር አጥቦ፣ ጠጕር አበጥሮ ቢሄድና በማግሥቱ አንድ እንኳ የሚመለስ ባይኖር፣ ቤቱ ከቀድሞው ይልቅ ጭር ይላል። ያው መቶ ሰው ሁለት ሁለት ሆኖ በየሳምንቱ ቢመጣ 50 ሳምንት፣ ዓመቱን ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ፣ ጠያቂ አይታጣም ነበር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የተባለው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው። ነገር ግን ሁለት ሰው በተራ ሳምንት ሲመጣ አጃቢም ካሜራም አይኖርም፤ ብዙዎች የሚቀሩትም በዚህ ምክንያት ነው።

ደግሞ «የሚለምነው ሁሉ ድኻ አይደለም፤ አታላዩ በዝቷል» ይባላል። አታላይ መኖሩ አይካድም። ነገር ግን በላዔ ሰብእ በእመቤታችን ስም ለተማጠነው ችግረኛ ጥርኝ ውሃ ሲሰጥ የሰውዬውን ግብር አልመረመረም፤ ያችም ጥርኝ ውሃ በሚዛን ላይ ከበላቸው 78 ነፍሳት እንደ በለጠች በኪዳነ ምሕረት በዓል፣ የካቲት 16 ቀን፣ ይነገራል። ከዚህም ሌላ የማታለል መድኃኒቱ መተዋወቅ ነው። በመኪና መስኮት ሳንቲም የሚወረውር ሰው ሊታለል ይችላል፤ በየወሩ አብሮት የሚበላውን ሰው ችግር ግን እንደ ዘመዱ ችግር ያውቀዋል። ስለዚህ አታላይን መፍራት ድኻን ወደ ገበታ ለማቅረብ ምክንያት ይሆናል እንጂ ለማራቅ ምክንያት አይሆንም።

መድኃኒቱ ሩቅ አይደለም። አዲስ ማኅበር ማቋቋም፣ አዲስም ካናቴራ ማሳተም አያሻም። በየደብሩ ያለው የጽዋ ማኅበር ከመቀመጫዎቹ አንዱን በመንደሩ ለታወቀ አንድ ችግረኛ ይተውለት፤ እርሱም በደጅ ሳይሆን በቤት ውስጥ፣ በትርፍራፊ ሳይሆን ከመጀመሪያው ዳቦ ይስተናገድ። ሙሴው የቀረውን ማኅበርተኛ እንደሚያስጠይቅ፣ ይህ ሰው በቀረ ጊዜ ታሞ እንደ ሆነ ያስጠይቅ። ሠርግ የሚደግስም ከጥሪ ወረቀቱ ጥቂቱን ካህኑ ለሚያውቃቸው ችግረኞች ቤት ይላክ። ካህኑም ማዕዱን ከመባረኩ በፊት እንደ ጦቢት ዙሪያውን ይመልከት፤ ድኻ ከሌለ ልጅ ልኮ ያስጠራ፤ ባለ ድግሱ ቢያኰርፍም አይፈር፤ የተጠራው ለማባረክ ነው እንጂ ለማሞገስ አይደለምና። ስልኩ በኪስ ይቈይ። ውሻውም ይከተብ፤ ሰንሰለቱ ይርዘም፤ ከግብዣውም በኋላ አጥንቱ ይጣልለት። ትርፍራፊ ለውሻ ይበቃዋል፤ ለድኻ የሚገባው ግን ማዕድ ነው።