ሠራተኛ ቢሮ ገባ ማለት ገበያ ቆመ ማለት አይደለም

ታናሽ እህቴ የምትኖረው ዋሽንግተን ዲሲ ነው። መሀል ከተማ አንድ የመኪና ማቆሚያ ጋራዥ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ናት። ባለፈው ወር ደውላ ለቤተሰቡ አንድ ሐሳብ አቀረበች። አንድ የቢሮ ሕንፃ ሥር ያለ ምሳ ቤት ባለቤቱ ሊለቅ ነው፤ ሊዙን እሷ ትውሰደው፣ እኛ ከዚህ 30,000 ዶላር እንሙላላት። «ሠራተኛው እኮ በትእዛዝ ተመልሷል እትዬ፣ ምሳ ሰዓት ላይ መንገዱ ጢም ነው» አለችኝ።

ሞያሌ ያለው ወንድማችን «እሰይ» አለ። እናታችን መረቀች። እኔ አይሆንም አልኩ፤ ስስታም ተባልኩ። ያ ገንዘብ ለእኔ የቡናና የበርበሬ ጭነት ነው፣ ከኢስሊ የማነሳው ልብስና ጫማ ነው፣ የልጆቼ ትምህርት ቤት ክፍያ ነው። ምክንያቴን እዚህ የምጽፈው ይህ ስልክ የተደወለው የእኛ ቤት ብቻ እንዳልሆነ ስለማውቅ ነው።

ትእዛዙን እናስታውስ። ፕሬዚዳንት ትራምፕ ጃንዋሪ 20 ቀን 2025 ሥልጣን በያዙበት ዕለት የፌዴራል ሠራተኞች ሙሉ ጊዜያቸውን ቢሮ ተገኝተው እንዲሠሩ አዘዙ። አማዞን ደግሞ በዚያው ወር መጀመሪያ የቢሮ ሠራተኞቹን በሳምንት አምስት ቀን ጠራ። ከኮቪድ በኋላ ዋሽንግተን መሀል ከተማ ባዶ እንደነበር እውነት ነው። የአሜሪካ መንግሥት የኦዲት መሥሪያ ቤት በ2023 የ24 መሥሪያ ቤቶችን ዋና ሕንፃ አይቶ፣ 17ቱ ከሕንፃቸው አቅም ሩቡን ወይም ከዚያ ያነሰውን ብቻ እንደሚጠቀሙ ገምቷል። እህቴም 2020 ላይ ከሥራ ተቀንሳ ወራት ቤት ተቀምጣለች። ጉዳቱን ማንም እንዲነግረኝ አልፈልግም፣ የቤት ኪራይዋን የላክነው እኛ ነን።

የሚያናድደኝ ትእዛዙ በእኛ ስም መነገሩ ነው። ሳንድዊች ሻጩ ተጎዳ፣ የጋራዥ ሠራተኛው ተጎዳ፣ ባለታክሲው ተጎዳ፣ ስለዚህ ሠራተኛው ይመለስ ይባላል። ጥሩ። ታዲያ ያው መንግሥት በዚያው ሰሞን ሠራተኛው በፈቃዱ እንዲለቅ ደብዳቤ ላከ፣ በመጀመሪያው ዙር ብቻ 75,000 ያህል ሰው ተቀበለው። ከዚያ ቅነሳው ቀጠለ። ከኦክቶበር 1 እስከ ኖቬምበር 12 ቀን 2025 ደግሞ በጀት አልጸድቅ ብሎ መንግሥት 43 ቀን ተዘጋ። ለምሳ ሻጩ ያዘነ ሰው እንዲህ ያደርጋል? ደንበኛን በአንድ እጅ ጎትቶ አምጥቶ በሌላው እጅ የሚያባርር ጎረቤት ቢኖረኝ ሱቄን ዘግቼ ሰፈር እቀይራለሁ።

አልዋሽም፣ ከትእዛዙ በኋላ የእህቴ ጋራዥ ሞልቶ ነበር፤ የተቆረጠባት ሰዓትም ተመለሰላት። በኦክቶበር መልሶ ባዶ ሆነ። ይህንን አይታ ነው ሊዝ ልፈርም የምትለው።

አሁን ሒሳብ። የኮሜርስ ዲፕሎማዬ አቧራ ቢጠጣም መደመር አልረሳሁም። ዓመቱ 365 ቀን ነው። ቅዳሜና እሑድ 104 ቀን ይወስዳሉ፣ የፌዴራል በዓላት 11 ናቸው። የቀረው 250 ቀን ነው። የቢሮ ሕንፃ ምሳ ቤት የሚሸጠው ደግሞ ከ11 እስከ 2 ሰዓት በፈረንጅ፣ ሦስት ሰዓት ነው። 250 በ3 ሲባዛ 750 ሰዓት። በዓመት 750 ሰዓት ለመሸጥ የ365 ቀን ኪራይ፣ መብራት፣ ኢንሹራንስ ይከፈላል ማለት ነው። ይህም አንድም ቀን በረዶ ሳይዘንብ፣ ማንም ፈቃድ ሳይወጣ፣ መንግሥት ሳይዘጋ ነው።

ደግሞስ ትእዛዝ ሰውየውን ወንበሩ ላይ ያስቀምጠዋል እንጂ ምሳ እንዲገዛ አያስገድደውም። ቤት በቆየባቸው ዓመታት ምግብ ማብሰል ለምዷል። አሁን በሳምንት አምስት ቀን የባቡርና የቤንዚን ወጪ ተጨምሮበታል፣ ነገ ሥራው ይኑር አይኑር አያውቅም። እንዲህ ያለ ሰው ምሳውን በሳህን ቋጥሮ ይመጣል። እኔም ብሆን እቋጥራለሁ።

እዚህ ናይሮቢ የሆነውን እናውቃለን። ባንኩና ኢንሹራንሱ መሀል ከተማውን እየለቀቀ ወደ አፐር ሂልና ዌስትላንድስ ሄደ። ማንም በትእዛዝ አልመለሳቸውም። ባለሕንፃው ምን አደረገ? ትልቁን ሱቅ ከፋፍሎ «ኤግዚቢሽን» የምንላቸውን ትናንሽ ስቶሎች አወጣበት። ሞይ አቬኑና ሉቱሊ ላይ አንድ ትልቅ መደብር የነበረበት ቦታ ዛሬ ስልክ፣ ጫማ፣ ዊግ፣ የልጅ ልብስ ይሸጥበታል፤ ከካምፓላና ከጁባ የመጣ ነጋዴ እዚያው ይጭናል። ገነት ነው እያልኩ አይደለም። የጉድዊል ክፍያው ደም ይመጣል፣ ካንጆ ሲመጣ ዕቃ ይዞ መሮጥ አለ። ግን ቅዳሜም ይሸጣል፣ ሲመሽም ይሸጣል፣ አንዱ ደንበኛ ቢቀር ሌላው አለ።

ዋሽንግተን ያለው ባለሕንፃ ለምን ኪራዩን አይቀንስም? እህቴን ስጠይቃት «እምቢ ይላሉ፣ ባዶ ቢቀር ይመርጣሉ» አለችኝ። እብደት ይመስላል፣ አይደለም። የሕንፃው ዋጋ የሚገመተው በሚያስገባው ኪራይ ነው፣ የባንክ ብድሩም በዚያ ግምት ላይ የቆመ ነው። በግማሽ ዋጋ ካከራየ ሕንፃው ረክሷል ብሎ በራሱ እጅ ፈረመ። ባዶ አስቀምጦ «የድሮው ዋጋ ይመለሳል» ካለ ግን ባንኩ ለጊዜው ዝም ይለዋል። ትእዛዙ ትንፋሽ የሚሰጠው ለዚህ ሰውዬ ነው። ለእህቴ የሚሰጣት የአምስት ዓመት ውል ነው።

ከንቲባዋ ሚዩሪየል ባውዘር በ2023 መጀመሪያ ለዋይት ሀውስ ሁለት ነገር ነበር ያቀረቡት፤ ወይ ሠራተኛውን መልሱ፣ ወይ ሕንፃውን ለሌላ ጥቅም ልቀቁልን። መሀል ከተማው ውስጥ 15,000 አዲስ ነዋሪ የማስገባት ዕቅድም አውጥተዋል። ሁሉም የመጀመሪያውን አንስቶ አጨበጨበ፣ ሁለተኛውን የሚጠቅስ ጥቂት ነው። ቢሮን ወደ መኖሪያ ቤት መቀየር ውድ ነው፣ ጊዜ ይፈጃል፣ ሁሉም ሕንፃ አይመችም፣ ልክ ነው። ቢሆንም እዚያው የሚያድር ሰው እሑድ ጠዋት ሽንኩርት ይገዛል፣ ማታ ልጁ ሲታመም ሎሚ ፍለጋ ይወጣል። የሀበሻ ምግብ ቤቶች የተሰባሰቡት የት ነው? ዩ ስትሪትና 9ኛ ጎዳና አካባቢ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሌክሳንድሪያ። ሰው በሚያድርበት ሰፈር።

እኔም 2020 ላይ አንድ ደንበኛ ነበረኝ። እዚህ ናይሮቢ የአንድ ትልቅ ድርጅት ካፌ ቡናዬን በየወሩ ይወስድ ነበር፤ በእሱ ተማምኜ ኢስሊ ያሉትን ትናንሾቹን ደንበኞቼን ችላ አልኩ። ቢሮው ሲዘጋ ስድስት ኩንታል ቡና ቤቴ ውስጥ ቀረ። ሽታውን እወደው ነበር፣ ከዚያ በኋላ ግን ለዓመት ያህል ስሸተው ሆዴን ይቆርጠኝ ነበር።

እህቴን አልጨከንኩባትም። ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ሌላ ሰው የሚኖርበት ሰፈር ትንሽ ቦታ ካገኘች የእኔን ድርሻ እቁቡ ሲደርሰኝ እልካለሁ ብያታለሁ። እሷ ግን ልቧ እዚያው ሕንፃ ላይ ነው። ስለዚህ አንድ ነገር ለመንኳት፤ ቅዳሜ ከሰዓት በሩ ላይ አንድ ሰዓት ቁመሽ የሚያልፈውን ሰው ቁጠሪልኝ።

ትናንት ማታ ቁጥሩን ላከችልኝ። 14 ሰው። ከእነሱ ሁለቱ የሕንፃው ጥበቃዎች ናቸው፣ አንዱ ደግሞ ሁለት ጊዜ ያለፈ ሯጭ ነው። ሊዙን ለመፈረም 12 ቀን ቀርቷል፤ ወንድሜ «ቅዳሜን ለምን ትቆጥሪያለሽ» እያለ አሁንም ይጨቃጨቀኛል።