ልብ ማየትና ልብ ማለት

ባለፈው ሰሞን አንድ የጤና ቴክኖሎጂ ስብሰባ ላይ ተጋብዤ ነበር። ሥነ ጽሑፍ ሲያስተምር የኖረ ሰው እዚያ ምን ይሠራል እንዳትሉኝ፤ የጋበዘኝ ድሮ ያስተማርኩት ልጅ ነው፤ ሻይ ቡናውም አልከፋም። ዓይንን ግጥም አድርጎ የሚሸፍን ትልቅ መነጽር አጠለቁልኝ። ቨርችዋል ሪያሊቲ መሆኑ ነው። ወዲያው ቤት የሚያህል ልብ ፊቴ ተደቀነ። ወደ ውስጥ ገባሁ። ደሙ እየተገማሸረ ሲያልፍ፣ ቫልቮቹ ሲከፈቱና ሲዘጉ አየሁ። አልዋሽም፣ አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

መነጽሩን ሳወልቅ አቅራቢው ወጣት «የእኛ በሽተኞች ሕመማቸውን የማይረዱት ስለማያዩት ነው፤ ይኼ ይፈታዋል» አለ። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ እጄ አልተነሳልኝም።

የእህቴ ልጅ ትዝ ብላኝ ነው። በ12 ዓመቷ ጉልበቷና ቁርጭምጭሚቷ እየተፈራረቀ ያብጥ ነበር። ቆየት ብሎ ደረጃ መውጣት አቃታት። ሆስፒታል ወሰድናት። ሐኪሙ ተማሪዎቹን አስከትሎ መጣና ደረቷን አዳመጠ፤ ከዚያም ለእነሱ በእንግሊዝኛ ያብራራ ጀመር። እንግሊዝኛው ግሩም ነበር! ማብራሪያው ከአልጋው በላይ በላይ አለፈና ልጅቷ ጋ የደረሰው «በየወሩ መርፌ ትወስጃለሽ» የሚለው ብቻ ሆነ። ለምን? እስከ መቼ? እናቷ ለመጠየቅ ፈራች። እኔ ደግሞ ግማሽ በግማሽ ገብቶኝ ሳለ «ልጅ ናት፣ አናስደንግጣት» ብዬ ዝም አስባልኩ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል ተረቱ። በሽተኛውን ነው የሚወቅሰው። የደበቁት ሐኪሙና አጎትየው ሲሆኑስ?

ሁለት ዓመት ወሰደች። ተሻላት። መርፌው ያማል፤ «ድኜ የለ እንዴ?» ብላ ተወችው። እኛም ደስ አለን፣ ምን እንደምናስደስት ሳናውቅ። ሕመሙ ሲመለስ ቫልቯ ክፉኛ ተጎድቶ ተገኘ።

ያኔ ነው አንዲት ነርስ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ያስረዳቻት። ነገሩ የሚጀምረው ከጉሮሮ ነው፤ ቶንሲል እያልን ከምንንቀው፣ አንዳንዴም እንጥል ከምናስቆርጥበት ሕመም። ይኼን ሕመም ከሚያመጡት አንዱ ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ባክቴሪያ ነው። አንዳንድ ልጆች ላይ ሰውነት ባክቴሪያውን ሊዋጋ ያሰለፈው ጦር ዞሮ የራሱን መገጣጠሚያና የራሱን ልብ ይወጋል። ነርሷ የክፍሉን በር አሳየቻት፦ «ልብሽ ውስጥ እንዲህ ያለ በር አለ። ደም ሲያልፍ ይከፈታል፣ ካለፈ ይዘጋል። ሕመሙ በተመላለሰ ቁጥር በሩ ይጣመማል። መርፌው የተጣመመውን አያቃናም፤ ጦሩ ዳግም እንዳይነሳ ይጠብቃል እንጂ።» በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የሚወሰደው የቤንዛቲን ፔኒሲሊን ምሥጢሩ ይኸው ነው። ልጅ እየሮጠች እየሳቀችም ለዓመታት መወጋት ያለባት ለዚህ ነው። ነርሷ መነጽር አላጠለቀችላትም። የነበራት የማይገጥም በር ብቻ ነው።

መነጽሩን የጠላሁ አይምሰላችሁ። አሜሪካ፣ ሲያትል ውስጥ ሀንተር ሆፍማንና ዴቪድ ፓተርሰን የተባሉ ተመራማሪዎች «ስኖው ወርልድ» የሚባል ዓለም ሠርተዋል። በእሳት የተቃጠለ ሰው ቁስሉ ሲጠረግ እሱ በመነጽሩ በረዶ ውስጥ ሆኖ የበረዶ ኳስ ይወረውራል፤ ሐሳቡ ከቁስሉ ይሸሻል፣ ሕመሙም ይቀልለታል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2021 ደግሞ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሥር ለሰደደ የወገብ ሕመም በሐኪም ትእዛዝ የሚሰጥ እንዲህ ያለ መሣሪያ ፈቅዷል። የቃጠሎ ቁስል ሲጠረግ የሚሰማውን ጩኸት የሰማ ሰው በዚህ አይከራከርም። ነገ ይምጣ!

የማልቀበለው «ስለማያዩት ነው» የምትለዋን ነው። ማየት እማ ስታንፎርድ ያሉ ሐኪሞችም ከልደት ጀምሮ የልብ ችግር ላለባቸው ልጆች ቤተሰቦች እንዲህ ያለ ልብ በመነጽር ያሳያሉ። ቀዳዳው የት እንዳለ ለማሳየት የሚያህለው የለም። «እየተሻለኝ ለምን እወጋለሁ?» የሚለው ግን በሥዕል የሚመለስ ጥያቄ አይደለም፤ ሰው ቁጭ ብሎ የሚያወራው ነው። ደግሞስ መነጽሩ በምን ቋንቋ ሊናገር ነው? በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሲዳምኛ ቃሉን ማን አዘጋጀለት? ካልተዘጋጀ «ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ» ነው። እዚህ ላይ ለሐኪሞቹ ብቻ አልተውም። እኛ የቋንቋ ሰዎች በሞክሼ ፊደላት ስንከራከር ዘመን ፈጀን እንጂ ከአንድ ነርስ ጋር ተቀምጠን «ቫልቭን ለእናት እንዴት እንበላት?» አላልንም።

ሐኪሙ ጊዜ የለውም ይሉኛል። ሰልፉን አይቻለሁ፤ እውነት ነው። እንግዲያው ለመነጽሩ የተመደበው ገንዘብ አስቀድሞ እንደዚያች ያሉ ነርሶችን ይቅጠርበት።

ልጅቷ ዛሬ 19 ዓመቷ ነው፤ መርፌዋን አታስተጓጉልም፣ የቀዶ ሕክምና ተራ ትጠብቃለች። ባለፈው ቀጠሮዋ ሌላ ሐኪም ወደ ተማሪዎቹ ዞሮ እንግሊዝኛውን ሲጀምር «ዶክተር፣ የኔን ልብ ነው አይደል የሚያወሩት?» አለችው። ደነገጠ። ከዚያ ወንበር ሳበና በአማርኛ አስረዳት። ሰዓቴን አየሁ፤ 4 ደቂቃ አልሞላም።