ፎገራን ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ሣሏት

በ2015 ክረምት፣ ነሐሴ ሲገባ፣ ዳታ ጠፋ። ወረታ የነበርን ልጆች መጀመሪያ ሰሞን በየአምስት ደቂቃው ስልክ እያወጣን፣ ምንም እንደሌለ እያየን መልሰን ኪሳችን እንከት ነበር። እኔ የኢኮኖሚክስ ዲግሪዬን ይዤ፣ ሥራ ሳላገኝ ቤተሰብ ጋ የተቀመጥኩበት ጊዜ ነው። አንድ ቀን ከታናሽ እህቴ ቦርሳ የተማሪ የውሃ ቀለም አገኘሁና ደብተር ይዤ ወደ ሩዙ ማሳ ወጣሁ። ሠዓሊ አይደለሁም። እስከ ዛሬ የምሥለው በሬ ፍየል ይመስላል። የዚያን ቀን ግን አንድ ነገር ገባኝ፤ ያደግኩበትን ሜዳ በደንብ አይቼው አላውቅም ነበር።

ፎገራ ለብዙዎቻችን “አረንጓዴ” ነው። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ሲኬድ በመኪና መስኮት ፎቶ ይነሳል፣ ፖስት ይደረጋል፣ አለቀ። ለመሣል ቁጭ ስትሉ ግን አረንጓዴ የሚባል አንድ ቀለም የለም። ውሃ የተኛበት ሩዝ ሌላ ነው፣ አረም የዋጠው ሌላ ነው፣ የመንገድ ዳሩ ሣር ሌላ ነው። ደመና ሲያልፍ ደግሞ ሁሉም ይለወጣል። እሱን ስትከታተሉ ሐሳባችሁ ረጋ ይላል። “ሥራ መቼ ይገኛል” የሚለው ጭንቀት አይጠፋም፤ ግን ለ20 ደቂቃ ወደ ኋላ ይቀመጣል።

የርብን ወንዝ መጀመሪያ ሰማያዊ ቀባሁት፤ ውሃ ሰማያዊ ነው ብለን አይደል ያደግነው? ቀና ብዬ ሳይ ቡናማ ነው። ርብም ጉማራም ከጉና ተራራ በኩል ተነስተው ጣና የሚገቡ ወንዞች ናቸው። ያ ቡናማ ቀለም ከላይ የታጠበ የሰው ማሳ ነው። “የአፈር መሸርሸር” የሚለውን ቃል ክፍል ውስጥ ስንት ጊዜ ጽፌዋለሁ፤ ያየሁት ግን ቀለሙን ስፈልግ ነው።

ኸርበርት ሳይመን የሚባል፣ በ1978 እ.ኤ.አ. በኢኮኖሚክስ ኖቤል ያገኘ ምሁር አለ። መረጃ ሲበዛ የሚያንሰው ትኩረት ነው የሚል ሐሳብ ያነሳው ገና በ1971 ነው፤ ያኔ ስማርት ስልክ የለም። ዛሬ ስክሮል ስናደርግ የምንከፍለው እሱን ትኩረት ነው። ቸርችልም በ1915 እ.ኤ.አ. በዳርዳኔልስ ዘመቻ ውድቀት ከባሕር ኃይል ሚኒስትርነቱ ተነስቶ በከፋው ጊዜ ነው፣ በ40 ዓመቱ፣ ብሩሽ የያዘው። ዕድሜ ልኩንም አልተወውም። ሥዕል የሚያረጋጋው ጎበዝ ሠዓሊን ብቻ አይደለም ማለት ነው።

“ይሄ የጠገበ ሰው ጨዋታ ነው” የሚለኝ አይጠፋም። ትክክል የሆነበት ቦታ አለ። አንድ ጎረቤታችን አባት ሩዝ ሲያርሙ ቆይተው መጡና ደብተሬን አይተው “ልጄ፣ ላንተ ሥዕል ነው፤ ለኛ ወገብ ነው” አሉኝ። አፈርኩ። ሥዕሌን ሳየው እውነትም አንድ ሰው የለበትም። ሜዳው በሙሉ የሰው ጉልበት ሆኖ ሳለ፣ እኔ ሰዎቹን “እይታ ይጋርዳሉ” ብዬ ዘልያቸዋለሁ! በሚቀጥለው ቀን ጎንበስ ያሉትን ጀርባዎች ሣልኩ። ገጹን ሞሉት። ስለዚህ መልሴ ይሄ ነው፤ በደንብ ካያችሁ ሥዕል ከኑሮ አያሸሽም፣ ወደ ኑሮ ይመልሳል።

ሌላም ምክንያት አለኝ። ይሄ ሜዳ “ተፈጥሮ” ብቻ አይደለም፣ ይለወጣል። ሩዝ ፎገራ ላይ ከመጣ ገና 40 እና 50 ዓመት ቢሆነው ነው። ከዚያ በፊት ቦታው በይበልጥ የፎገራ ከብት የሚግጥበት ሣርና ውሃ የሚተኛበት ረግረግ ነበር። ወላላና ሸሸር የሚባሉት ረግረጎች፣ ወፎቹ የሚሰፍሩባቸው፣ በእርሻ እየተገፉ ጠበዋል። ሩዙ ቤተሰቤን አብልቷል፤ አላማርርም። ግን የሚያገኘውንም የሚያጣውንም የማያይ ትውልድ በምን ይመርጣል? እንደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ያሉ የጣና ገዳማት ግድግዳዎቻቸው በቅዱሳን ሥዕል የተሞሉ ናቸው፤ ሜዳና ወንዝ ለራሱ ሲባል የተሣለበት ግን ብዙም አይገኝም። እሱ የቤት ሥራ ለኛ ቀርቷል።

ትምህርት ቤቶችም ያስቡበት። የእይታ ጥበባት ትምህርት አለ፤ ልጆቹ ግን ሰሌዳ ላይ ያለ አበባ ነው የሚገለብጡት። ወረታ ውስጥ ማሳው የእግር መንገድ ነው። መምህራን፣ አንድ ክፍለ ጊዜ ውጭ አውጧቸው!

ለእናንተ ደግሞ፤ እርሳስና ደብተር ይበቃል። አንድ ቦታ ምረጡ፣ ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉት፣ 20 ደቂቃ ተቀመጡ። ዘንድሮ ጊዜው ከባድ ነውና ሰው የሚያውቃችሁ ቦታ ይሁን፤ ሜዳ ላይ ተቀምጦ የሚጽፍ ሰው “ምን እየመዘገብክ ነው?” ይባላል፣ ደርሶብኛል። እዚያው ቦታ በመስከረም ተመለሱ፣ ሩዙ ወርቅ ሲሆን በኅዳር ተመለሱ፣ ጓያውና ሽንኩርቱ ሲተካ ደግሞ ተመለሱ።

ዳታው ተመልሷል፤ እኔም እንደ ሁላችሁም ስክሮል አደርጋለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ግን ስልኬ ቤት ይቀራል። ጎረቤታችን አባት ሲያዩኝ “ዛሬስ እኔን አስገባኸኝ?” ይሉኛል። ደብተሩን ገልጬ አሳያቸዋለሁ።