ሁለቱንም ዓይን ይሣሉ

አንባቢ ሆይ፤ ከቦሌ ሱቅ የተገዛ የታተመ ካርድ፥ ቀስት የወጋው ልብ ቢኖርበትም፥ ለሁሉም የሚናገረው አንድ ቃል ነው። በእንቁጣጣሽ ልጆች አበባ ሥለው ከደጃችን ሲቆሙ ደስ የምንሰኘው የእጃቸው ሥራ ስለ ሆነ ነው። እርስዎም ለወዳጅዎ እንዲሁ ያድርጉ።

በመጀመሪያ ፊቱን እንደ እንቁላል ሞላላ አድርገው ይንደፉ፤ ዓይኖቹን ትልልቅ አድርገው በጥቁር መሥመር ይክበቧቸው፤ ከጎኑም ቢጫ አደይ አበባ ይጨምሩ። ነገር ግን ፊቱን ወደ ጎን አዙረው በአንድ ዓይን እንዳይሥሉ ይጠንቀቁ! በጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ልማድ ቅዱሳን በሁለት ዓይን ፊት ለፊት ሲያዩ፥ በአንድ ዓይን የሚሣሉት እነይሁዳና ሰይጣን ናቸው። የወዳጅዎ እናት ይህን ቢያዩ ነገሩ ያን ጊዜ ተበላሸ ማለት ነው።

ከሥሩም ስምዎን መጻፍ አይርሱ፤ ስም የሌለውን ካርድ ሌላ ሰው ይወርሰዋልና።